ስለ ሕመም፣ ስለ ማስታመምና ስለ ሐዘን በራስ ወጪ መጽሐፍ ማሳተም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እናቴ በስትሮክ ከወደቀች በኋላ አራት ዓመት አስታመምኳት። ካረፈች ከሦስት ዓመት በኋላ ስለዚያ ጊዜ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጻፍኩና በራሴ ገንዘብ አሳተምኩ። ሀብት አላመጣችልኝም፤ ያመጣችልኝ ሰው ነው። አንዱ በደብተር፣ አንዱ በስልኩ፣ አንዲት እናት ደግሞ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ የጻፈችውን በፌስታል ይዛ መጥታለች። ጥያቄያቸው ከዓመት ዓመት ስለሚመሳሰል መልሴን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የሕግ ባለሙያም ሐኪምም አይደለሁም፤ ያስታመምኩና የጻፍኩ ሰው ነኝ።

በራሱ ያሳተመ ደራሲ ሲባል ምን ማለት ነው?

ወጪውን የሸፈነው፣ ማተሚያ ቤቱን የመረጠው፣ መጽሐፉን በየመደብሩ ተሸክሞ ያደረሰው ደራሲው ራሱ ከሆነ በራሱ አሳተመ እንላለን። በእኛ አገር ይህ የተለየ መንገድ አይደለም፤ ስማቸው የገነነ ብዙ ደራሲዎችም ደመወዛቸውን አጠራቅመው ወይም ከዘመድ ተበድረው ያሳተሙ ናቸው። ስለዚህ «አሳታሚ አጥቼ ነው» ብሎ አንገት መድፋት አያስፈልግም።

ገመናን አደባባይ ማውጣት ባህላችን አይደለም ይሉኛል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ስለ በሽታ ዝም ማለትን እናውቅበታለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እየጠቀስን እዚያው ካንሰርን «ያ ክፉ በሽታ» ብለን በሹክሹክታ እንጠራለን። በሌላ በኩል ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሙሾ የሰማ ሰው ገመና አደባባይ አይወጣም ብሎ መከራከር ይከብደዋል። አስለቃሿ የሟቹን ሙያ፣ የሚስቱን ብቸኝነት፣ ሳይጠይቁት የቀሩትን ወንድሞቹን ሳይቀር በሁለት ስንኝ አውጥታ ድንኳኑ መሐል ታስቀምጠዋለች። ወንድሞቹም ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ሰሙን ለሁሉም፣ ወርቁን ለሚገባው።

ጽሑፍን ከሕመም ጋር ማገናኘትም ቢሆን አዲስ አይደለም። በድሮው ጊዜ ደብተራዎች ለታማሚ የሚያዘጋጁት የብራና ጥቅል ክታብ ርዝመቱ በታማሚው ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። በጸሎቱ መሐል የሕመምተኛው የክርስትና ስም ይገባል። የክታቡን ኃይል ማመን አለማመን የየራስዎ ጉዳይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ልኩ ነው፤ በአንድ ሰው ቁመት የተቆረጠ፣ የዚያን ሰው ስም የያዘ ጽሑፍ። ብዙ ረቂቅ አንብቤ «ይህ የማንም ሊሆን ይችላል» ስል ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

ቅርብ ጊዜውን ካየን ደግሞ በ1990 ዓ.ም. ገደማ እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ባሉ ማኅበራት የተሰባሰቡ ሰዎች የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ውስጥ እንዳለ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ መናገር ጀመሩ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ስላለበት ልጃቸው በይፋ ተናገሩ፤ ያኔ ስንቱ ወላጅ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ይቆልፍ ነበር። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ያገኘው በደም ካንሰር ካረፈ ሕፃን ነው፤ ያቋቋሙት ወላጆቹ ናቸው። እነዚህ ሰዎች መንገዱን በንግግር ጠርገውታል። እርስዎ በጽሑፍ ቢሄዱበት እንግዳ አይሆኑም።

እናቴ ካረፈች አራት ወር ሆናት። መጽሐፉን ለሙት ዓመቷ ማድረስ እፈልጋለሁ። ይደርሳል?

ማተሙ ይደርሳል፤ መጽሐፉ ግን አይደርስም። ይህን ስል የሚቀየሙኝ ብዙ ናቸው።

ካየኋቸው ደካማ መጻሕፍት አብዛኞቹን ያበላሸው የችሎታ ማነስ ሳይሆን የሙት ዓመት ቀጠሮ ነው። ለሙት ዓመት የሚጻፍ ነገር የራሱ ወግ አለው፦ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ የሥራ ታሪክ፣ የልጆች ስም፣ የወዳጆች ምስክርነት፣ መሐሉ ላይ ፎቶግራፍ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ሠላሳ ገጽ አድርገው ያሳትሙትና ለተዝካሩ እንግዶች ያድሉት። ትልቁን መጽሐፍ ግን ከዚህ ለይተው ያቆዩት። በአርባውና በሰማንያው መሐል ያለ ሰው ስለ ሟቹ ክፉ መጻፍ አይችልም፤ ስለ ራሱም እውነት መጻፍ አይችልም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የጻፍኩት እናቴን ቅድስት፣ እኔን ትዕግሥተኛ አድርጎ ነበር። ሁለታችንም እንደዚያ አልነበርንም። እናቴ ማንኪያውን ትወረውር ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን በሩን ዘግቼባት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሙሉ ሰዓት አልመለስኩም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

እስከዚያ ምን ልሥራ ካሉ፣ ያከማቹ። የሐኪም ማዘዣዎቹን፣ የምርመራ ውጤቶቹን፣ የስልክ መልእክቶቹን፣ የጠያቂዎቹን ስም። ቀኑን ከነሰዓቱ ይጻፉ። ሐዘን ቀንን ያምታታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ሆስፒታል ከየትኛው እንደቀደመ ራስዎ ይጠፋብዎታል።

ብዙ ነገር አለ። ከየት ልጀምር? ምኑን ልጻፍ?

ከመርዶው አይጀምሩ። ሁሉም ከዚያ ይጀምራል፦ ገና ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል፣ ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ጋቢ ይጣላል። ትዕይንቱ ኃይለኛ መሆኑን አልክድም። ግን አንባቢው ገና የማያውቀው ሰው ሞቶ እንዴት ያልቅስ? መጀመሪያ ያስተዋውቁን።

ሌላው ምክሬ ማስታመሙን ይጻፉ የሚል ነው። የበሽታ መጽሐፍ ሲባል ሰው ስለ በሽታው ይጽፋል፦ ምልክቱ፣ ምርመራው፣ የሐኪሙ ቃል፣ ሕክምናው። ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚያስረዳ ሐኪም አለ። ሐኪሙ የማያውቀው ሌሊቱን ነው። በአገራችን ሆስፒታል አስታማሚ ማለት ግማሽ ሠራተኛ ነው። ናሙና ይዞ በታክሲ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚሮጠው እሱ ነው፤ «መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው እሱ ነው፤ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው፣ ፔርሙሱን ደብቆ የሚያስገባው፣ ከጎረቤት አልጋ አስታማሚ ጋር አንድ ሳሙና የሚካፈለው እሱ ነው። ይህ ሁሉ በየቀኑ በሺህ ቤተሰብ ላይ ይደርሳል፤ በመጽሐፍ ውስጥ ግን እምብዛም አላየሁትም።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በሽተኛን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለብኝ የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት። እንዴት ማገላበጥ እንዳለብኝ ግን ማንም አላሳየኝም። አንሶላውን በግማሽ ጠቅልሎ ከወገቧ ሥር ማሳለፍ የሚባለውን ዘዴ ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት የወገብ ሕመም በኋላ ነው። መጽሐፌ ከወጣች በኋላ በጣም የተወራላት ገጽ ይህቺ ናት። ስለ ሞት ያሰላሰልኩበትን ምዕራፍ ያነሳልኝ ሰው የለም፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ገንዘቡንም ይጻፉ። ስንት ተሸጠ፣ ማን አበደረ፣ እድሩ ምን አደረገ፣ ከውጭ አገር የተላከው የት ገባ። የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ቤተሰብ ሕይወቱ የሚቆጠረው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚከፈል ሒሳብ ነው። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ለብዙዎች ተስፋ ነበር፤ ሆኖም ተስፋው ራሱ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ከመሐላችን ኩላሊቱን የሚሰጥ ማን ነው? ወንድማማቾች ምሳ ላይ ተቀምጠው ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ወጡን ሲያማስሉ የጻፈ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ሁለት ገጽ ነው። ስለ ኩላሊት ሕመም ከዚያ የተሻለ አላነበብኩም።

የማስታምመው ሰው በሕይወት አለ። ፈቃድ ልጠይቅ?

አዎ። «እሱ ምን ያውቃል» አይበሉ። መስማት የሚችል ሰው ይነበብለት። እናቴ ንግግሯ ከተያዘ በኋላም «ይህን ልጻፈው?» ስላት በቀኝ እጇ አንሶላውን ትጨብጣለች ወይም ትለቃለች። ጨብጣ የያዘችውን አልጻፍኩትም። የመርሳት ሕመም ላለበት ሰው ነገሩ ይከብዳል፤ ዛሬ ፈቅዶ ነገ አያስታውስም። እንዲህ ሲሆን የማደርገው ከመታመሙ በፊት የነበረውን ጠባዩን ማሰብ ነው። ሸሚዙን ሳይቆልፍ ደጅ የማይወጣ አባት ሽንት ሲያመልጠው በመጽሐፍ መታየትን አይፈቅድም ነበር። ትዕይንቱ ያለ እሱ የማይቆም ከሆነ ከበሩ ውጭ ሆነው ይጻፉት።

ወንድሞቼ «የቤተሰቡን ምስጢር አታውጣ» ብለው ተቆጡ። ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ ከወንድሞችዎ ይልቅ ይለዝባል፤ ቢሆንም ዝም አይልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 27 ጀምሮ ያለ ሰውየው ፈቃድ ፎቶግራፉን ማውጣትን ይከለክላል፤ ሰውየው ከሞተም መብቱ ለቤተሰቡ ይተላለፋል። ስለዚህ የአባትዎን የሆስፒታል አልጋ ፎቶ ሽፋን ላይ ሲያደርጉ ውሳኔው የእርስዎ ብቻ አይደለም። ቁጥር 31 ደግሞ በምስጢር የተጻፈልዎትን ደብዳቤ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጡት ይላል። የስልክ መልእክትንም እንዲሁ ቢያዩት ይሻላል ባይ ነኝ። ጉዳዩ ጠብ ያለበት ከሆነ ጠበቃ ያማክሩ።

ከሕጉ ውጭ ያለው ምክሬ አጭር ነው። ረቂቁን ከማተሚያ ቤት በፊት ለወንድሞችዎ ይስጡ። እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ብቻ የማስተካከል ዕድል ይኑራቸው፤ ስለ እናትዎ ያለውን ግን አይደራደሩ። ከሁለቱ ወንድሞቼ አንዱ ያስወጣኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ከአሜሪካ ሲደውል ድምፁ የቸኮለ ነበር» የሚል። አወጣሁት። አሁንም ይቆጨኛል፤ እውነት ነበር።

የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ስም ልጥራ?

ለማመስገን ከሆነ ይጥሩ፣ ግን አስፈቅደው። ለመክሰስ ከሆነ መጽሐፍ ቦታው አይደለም፤ የአቤቱታ መንገድ አለ፣ ማስረጃም ይጠይቃል። አንዲት የሌሊት ነርስ ጮሃብኝ ለዓመታት ስወቅሳት ኖሬ ስጽፍ ቆይቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ያን ሌሊት ለሙሉ ክፍሉ ብቻዋን ነበረች። ስሟን ብጽፍ ኖሮ ይህን ማሰብ አያስፈልገኝም ነበር። ያለ ስም ስለነበረች ትዕይንቱን ማስረዳት ግድ ሆነብኝ፤ ሳስረዳ ነው ያየሁት።

በሽታውን በምን ስም ልጥራው?

ሰውየው ራሱ በሚጠራው ስም። ቤት ውስጥ «ነቀርሳ» ሲባል የኖረውን ገጹ ላይ ሲደርስ «ካንሰር» ማድረግ የቤቱን ድምፅ ያጠፋል። አንድ ጊዜ ግን ግልጽ ያድርጉት፤ ነቀርሳ ሲባል ሳንባ ነቀርሳ የሚመስለው አንባቢ አለና። የሕክምና ቃል ሲመጣ ሰው የሚለውን ይያዙ፦ «የኩላሊት እጥበት» ሁሉም ያውቀዋል፤ «ኬሞ» እንደዚሁ። የአእምሮ ሕመምን በተመለከተ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። «እብድ» የሚለው ቃል ጎረቤት ሲናገረው በጥቅስ ውስጥ ይቀመጥ፤ በእርስዎ በተራኪው አፍ አይግባ። «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገርም እንደ ስድብ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ነው፣ ሰው ታክሞ የሚወጣበት።

ጸበል ሄደናል፣ ሐኪም ቤትም ሄደናል። ሁለቱንም ልጻፍ? የተማረው ይስቅብኛል፣ ያመነው ይቀየመኛል።

ሁለቱንም ይጻፉ፤ የሄዱት ሁለቱም ጋ ነውና። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ጠዋት እንጦጦ ከሰዓት ሐኪም ቤት ነው፤ ሌላው ደግሞ ቁርዓን አስቀርቶ፣ ዱዓ አስደርጎ ወደ ክሊኒክ ይሄዳል። ወገሻውም አይቀርም። ረቂቆች የሚበላሹት አንዱን ወገን ለማሳመን ሲጻፉ ነው። «ዳነች፣ ሐኪሞች ተገረሙ» ብሎ የሚያልቅ ምስክርነት የራሱ መድረክ አለው። እዚህ ግን ያልዳነችውም አለች፣ የእሷ ቤተሰብ ያንኑ ጸበል ጠጥቷል። አንባቢዎ ከሁለቱ ማንኛው እንደሚሆን አያውቁም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ታማሚው መድኃኒቱን አቁሞ ከሆነ ያቆመበትንም፣ ከዚያ በኋላ የሆነውንም ሙሉውን ይጻፉ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግማሹን ታሪክ አንብቦ እንክብሉን ሊጥል ይችላል።

መጻፍ በእርግጥ ይፈውሳል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው «አዎ» እንድለው ፈልጎ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር እና ባልደረባው ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተከታታይ አራት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እጅግ ስለጎዳቸው ነገር ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። በጻፉበት ሰሞን ግን ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት በርካታ ጥናቶች ሲደመሩ ጥቅሙ መኖሩን፣ መጠኑ ግን አነስተኛ መሆኑን ያሳያሉ።

ልብ ይበሉ፤ እነዚያ ተማሪዎች አላሳተሙም። ለራስ መጻፍና ለሰው ማሳተም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለራስዎ ሲጽፉ የሚቀልልዎት ነገር ካለ መልካም። ማሳተም ሲመጣ ደግሞ ሥራ ነው፦ የፊደል ስህተት፣ የማተሚያ ቤት ወረፋ፣ «ገጽ 64 ላይ ያለችው አክስቴ ናት ወይ?» የሚል ስልክ። እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ አልበላ ካልዎት፣ መኖር ካስጠላዎት ረቂቁን አስቀምጠው ሐኪም ያነጋግሩ። መጽሐፉ የትም አይሄድም።

ወንድሜ ራሱን ነው ያጠፋው። ይህን መጻፍ ይቻላል?

ይቻላል፤ በእኛ ዘንድ የዝምታው ክብደት ታላቅ ስለሆነ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። እንዴት እንዳደረገው ግን አይጻፉ። ዘዴውን፣ ቦታውን፣ የተጠቀመበትን ነገር ይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅትም ለጋዜጠኞች የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ዝርዝሩ በዚያ ሐሳብ ላይ ያለን ሌላ አንባቢ ሊገፋ ይችላልና። ደግሞም አንዲት ምክንያት ፈልገው አያስሩበት። «እሷ ስለተለየችው ነው» የሚል መስመር ሌላ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ዕድሜ ልክ ፍርድ ይፈርዳል።

አርታኢ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግዎታል። የሚያለቅስልዎት ሳይሆን የሚቆርጥልዎት። ሐዘንዎን የሚያውቅ ዘመድ አርታኢ አይሆንም፤ «ልቤን ነካው» ብሎ ይመልስልዎታል። ለአንድ ሰው ብቻ መክፈል የሚችሉ ከሆነ ሽፋን ሠሪውን ትተው ለአርታኢው ይክፈሉ።

ፊደሉን በተመለከተ አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አልቅሶበታል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም በቆዩ የግዕዝ መተየቢያዎች የተጻፈ ረቂቅ ዛሬም አለ፤ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ወደ ምልክት ጫካ ይለወጣል። ጸሐፊ ቤት ካስተየቡ በዩኒኮድ እንዲሆን ከመጀመሪያው ይንገሩ። የእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ ገጽ በተቀየረ ቁጥር «ኀ» የምትባል ፊደል ትጠፋ ነበር፤ ኀዘን በሙሉ «ዘን» ሆኖ ደርሶኛል።

ለማሳተም ምን ምን ያስፈልጋል?

የመንግሥት ቅድመ ምርመራ ከቀረ ቆይቷል፤ ረቂቅዎን ይዘው የሚያስፈቅዱት ቢሮ የለም። ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ማለትም አይ ኤስ ቢ ኤን የሚሰጠው ሁላችንም ወመዘክር የምንለው የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተቋም ነው፤ የኢትዮጵያ ቁጥሮች በብዛት በ978-99944 ይጀምራሉ። መጽሐፉ ሲታተም ለዚሁ ተቋም ቅጂ ማስገባት አለብዎት። የቅጂ መብት ደግሞ ሳያስመዘግቡም የእርስዎ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በሕይወት ዘመንዎ ሁሉና ከሞትዎ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾችዎ ይጠበቃል። ማስረጃ እንዲኖርዎት ከፈለጉ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ይቻላል።

ስንት ቅጂ? ማተሚያ ቤቱ አንድ ሺህ ይልዎታል፤ በብዛት ሲታተም የአንዱ ዋጋ ይወርዳልና። እኔ ግን ሳሎኔ ውስጥ ስድስት መቶ ቅጂ ለሁለት ዓመት እንደ ሶፋ ተቀምጬበታለሁ። በዲጂታል ማተሚያ መቶ ወይም ሁለት መቶ አስትመው ይጀምሩ፤ አንዱ ትንሽ ይወደዳል፣ እንቅልፍዎ ግን ሰላም ነው። የናሙና ቅጂ ሳያዩ ሙሉውን እንዲያትሙ አይፍቀዱ። በአንድ ማተሚያ ቤት የእኔ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ተቀያይሮ ታትሞ እናቴ ከሞተች በኋላ ከሆስፒታል ወጥታ ነበር። ማተሚያ ቤቱ አስተካከለው። አንዳንዴ ግን ያን ቅጂ አወጣና አየዋለሁ።

የት ይሸጣል?

መጻሕፍት መደብር ከዋጋው ላይ ጠቀም ያለ ድርሻ ይወስዳል፤ አዟሪዎች በእጅ ይገዙና ራሳቸው ዋጋ ያወጣሉ። ምረቃ በወመዘክር አዳራሽ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ጥሩ ቀን ይሆናል፣ ከምረቃው ማግስት ግን ጸጥታ ነው። የእኔ መጽሐፍ የተሸጠችው በመደብር ሳይሆን በእድር ነው። የአንድ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ሐሳቡን ወደደውና ለእያንዳንዱ ሐዘንተኛ ቤት አንዳንድ ቅጂ ገዛ። ሐዘን ቤት ውስጥ ግን መጽሐፍ ይዞ ገብቶ መሸጥ ነውር ነው። በነፃ ቢሰጡም እንኳ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ይሁን። የማስታገሻ እንክብካቤ በየቤቱ የሚሰጡትን እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶችንም ማነጋገር አይከፋም፤ አስታማሚዎችን በየቀኑ የሚያገኙት እነሱ ናቸው።

የምኖረው ውጭ አገር ነው፤ ልጆቼም አማርኛ አያነቡም። በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ?

ያለቀሱበት ቋንቋ የትኛው ነው? በእሱ ይጻፉ፣ ትርጉሙ ይከተላል። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤል አባቶችና እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1984ና 85 ዘመቻ ሙሴ በሚባለው ጉዞ ዋዜማና ወቅት ሱዳን መንገድ ላይና መጠለያ ውስጥ ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ሰው አልቋል። ኢየሩሳሌም በሚገኘው ሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ልጁን በጉዞ ላይ የቀበረው አባት የሚናገረው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው፤ የልጅ ልጁ የሚያነበው በዕብራይስጥ። እንዲህ ባለ ቤት የመጀመሪያው ሥራ መቅረጽ ነው። ስልክዎን አብርተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ፣ ቡናው ይቅረብ፣ አያቱ ይናገሩ። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶችም እንዲሁ፤ ስለ ደረሰባቸው መጻፍ የማይፈልጉት መናገር ይችሉ ይሆናል።

ውጭ ሆነው ያስታመሙትም በስልክ ነው። ያም ማስታመም ነው፤ ገንዘብ መላክ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መደወል፣ መርዶውን ለማርዳት ሰዎች ተሰብስበው እስኪመጡ ድረስ የሚደበቅብዎት ቀን። ስለዚህ የጻፈ ሰው ቢመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ እስካሁን ሁለት ብቻ አግኝቻለሁ።

መጽሐፌን ለታመመ ሰው በስጦታ ልስጥ?

ለታማሚው አይስጡ፤ መጨረሻውን ቀድሞ ይገልጣል። ለአስታማሚው ይስጡ። ስለዚህም ሲጽፉ ምዕራፉን አጭር፣ ፊደሉን ደመቅ ያለ ያድርጉ፤ የሚያነበው በኮሪደር መብራት፣ በአንድ እጁ፣ እየተጠራ ነው። ሲሰጡ ደግሞ መጽሐፉን ብቻ ይዘው አይሂዱ። አጥሚቱን በፔርሙስ ይያዙና «ዛሬ ማታ እኔ አድራለሁ፣ አንተ ቤትህ ሄደህ ተኛ» ይበሉት።